ከማታር ወዲያ ያለው ከተማ

የዕድራችን ሽማግሌዎች በራችንን ያንኳኩት ሰማዩ ሳይነጣ ነው። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ተሰብስቦ የሚመጣው ለመርዶ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ባለቤቴ ከአልጋዋ ሳትወርድ ጩኸቷን ለቀቀችው። እኔ ልብሴን ለብሼ ወጣሁና በረንዳው ላይ አስቀመጥኳቸው።

ልጃችን ዕቃ ይዞ በባሮ ወንዝ ቁልቁል ወደ ድንበር ከተማዋ ማታር ከወረደ ወራት አልፈዋል። ሳሙና፣ ስኳርና ባትሪ ድንበር አሻግሮ ሸጦ ሊመለስ ነበር። ከማታር ደውሎ “ነገ እንሻገራለን” አለን። ከዚያ በወዲያኛው በኩል ውጊያ ተነሣ፤ ስልኩም ዝም አለ።

“እንግዲህ ጠንከር በል” አሉኝ የዕድሩ ዳኛ። “ጀልባዋ ተመትታለች አሉ። ድንኳን እንትከልና ይለቀስለት።”

“ማን አለ?”

“ሰው ነዋ!”

“የትኛው ሰው? በዓይኑ ያየ ነው?”

እርስ በርስ ተያዩ። ለዳኛው የነገራቸው ነጋዴ ከሹፌር ሰምቶ ነው። ሹፌሩ ደግሞ ኢታንግ ከተማ ሻይ ሲጠጣ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቷል። ሲያወሩ የነበሩት እነማን እንደሆኑ፣ የተመታችውም የትኛዋ ጀልባ እንደሆነች የሚያውቅ የለም።

“ጋሼ፣ በዚህ እንኳን ድንኳን ልተክል ዜናም አልሠራበትም” አልኳቸው።

“ልጅህ እኮ ነው! ዜና አይደለም!” ብለው ተቆጡ። ቢሆንም ተነሥተው ሄዱ።

ዕድሜዬን ለሬዲዮ ዜና ስሠራ ኖሬያለሁ። ያልተረጋገጠ ወሬ ሲመጣ ወደ ጎን አስቀምጠህ ወደሚቀጥለው ታልፋለህ። እናት ግን ወደሚቀጥለው አታልፍም። ባለቤቴ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት፤ መባበል አትወድም።

“አልሞተም አልካቸው አይደል?”

“አላልኩም። ለመሞቱ ማስረጃ የለም ነው ያልኩት።”

“እሺ፣ የት ነው ያለው?”

“አላውቅም።”

“የአገሩን ሁሉ ስታወራ ኖረህ የልጅህን አታውቅም? አውራኝ! ውሸትም ቢሆን አውራኝ!”

እስከ ማታር ያለውን አውቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሄጄ ዘግቤበታለሁ። ከዚያው ጀመርኩላት። ጀልባዎቹ የሚቆሙበትን ዳርቻ፣ ጭነት የሚያወርዱትን ልጆች ነገርኳት። ከዚያ ወዲያ የማውቀው አለቀ። አላቆምኩም። “ወንዙ ከታጠፈ በኋላ አንድ ከተማ አለ” አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም እንግዳ ነበር። ለከተማው አንድ መንገድ ሰጠሁት፣ የጭቃ ዳቦ ቤት ሰጠሁት፣ ልጁን የሚቀጥር ነጭናጫ ጋጋሪ ሰጠሁት።

“የት ይተኛል?”

“ምድጃው ጀርባ።”

“በዚህ ሙቀት? አይሆንም፣ ውጭ አስተኛው።”

“ውጭ ትንኝ አለ።”

“አጎበር ስጠዋ!”

እንደ እሷ ያለ አርታኢ ገጥሞኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ልጄን እፈልጋለሁ። ድንበር ላይ ለሚሠሩ እደውላለሁ፤ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ አዲስ ሰው ገባ ሲባል መልኩን እየነገርኩ አስጠይቃለሁ። የለም ይሉኛል። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ ሲያስገባ ደግሞ እኔ ማንጎው ሥር ተቀምጬ ከተማውን እጽፋለሁ፤ እሷ ከሥራ ስትመለስ አነብላታለሁ።

አንድ ቀን ዳቦ ቤቱ እንጨት ከየት ያመጣል የሚለው አስቸገረኝ። ጫካው ሩቅ ከሆነ እንጨቱ በጀልባ ይመጣል። በጀልባ ከመጣ በክረምት ይረጥባል። ከረጠበ ዳቦው ይዘገያል፤ ሕዝቡ በር ላይ ይሰለፋል፣ ይጣላል፣ አንዷ ሴት ጋጋሪውን ትሰድበዋለች። ስድቧን ስመርጥ ቆይቼ ቀና ስል ጥላው ከላዬ ሸሽቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጫለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ የገባበት ጠፍቶ እኔ በረጠበ እንጨት ደስ ብሎኝ ነበር። ፈራሁ። ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ። በማግስቱ ግን እኩለ ቀን አልደርስ አለኝ። የሆነውን ብቻ ሳሳድድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያልሆነውን መጻፍ እንዲህ እንደሚጣፍጥ የሚነግረኝ ሌላ ቀን አልነበረም ወይ?

በዚያው ሰሞን ባሮ ዳር ዓሣ የምትሸጥልን ሴት ከሩቅ አይታ ጠራችኝ።

“እንኳን ደስ አለህ፣ ወንድሜ! ልጁ ዳቦ ቤት ገባ አሉ!”

“ማን አለ?”

“እናቱ። አንተ ነገርካት። አንተ ሬዲዮ ነህ፣ አትዋሽም።”

“ከራሴ የፈጠርኩት ነው” አልኳት። “ከተማውም የለም።”

ቅርፊት የምትፍቅበት ቢላዋ እጇ ላይ ቆመ። “ከራስህ? ከራስህ ከሆነ ለምን ዳቦ ቤት? ትልቅ ሱቅ አትሰጠውም? ሚስት አትሰጠውም?”

አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሳቁ።

“አይሆንም” አልኩ ሳላስበው። “ሱቆቹን የያዙት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ለእንግዳ አያከራዩም።”

“እህ! ከተማው የለም ትላለህ፣ ባለሱቆቹን ግን ታውቃቸዋለህ!”

ቤት ስደርስ ባለቤቴን ለምን ለሰው እንዳወራች ጠየቅኳት። ማስተካከያ መነገር እንዳለበትም ነገርኳት።

“ንገራ!” አለች። “ንገርና ነገ በጠዋት ድንኳናቸውን ተሸክመው ይምጡ። ሰው ሲያየኝ ዓይኑን ይሰብራል። ትናንትና የማዋልዳት ሴት ‘እግዜር ያጽናሽ’ ትለኛለች፣ እያማጠች! አንድ ሳምንት ቀና ብዬ ብሄድ ምን ቀረብህ?”

ለዕድሩ ዳኛ ግን ሄጄ ነገርኳቸው። ስለ ዳቦ ቤቱ የተወራው እውነት አይደለም፣ መሞቱም አልተረጋገጠም አልኳቸው። “ታዲያ ምን እንበል?” አሉኝ። “ምንም አትበሉ” አልኳቸው። ስመለስ ባለቤቴ እዚያው ቦታ ተቀምጣ ነበር።

“እንግዲያው ወደ ቤቱ ይምጣ” አለችኝ። “ከዚያ ከተማ አስነሣው።”

“ካስነሣሁት መድረስ አለበት። ያን ጊዜ በር በር ማየት ትጀምሪያለሽ።”

“አሁን የማላይ መስሎህ ነው?”

አስነሣሁት። ጀልባ ስለሌለ በእግሩ ነው። መጀመሪያ ረግረግ አስቀመጥኩበት። ከረግረጉ ወዲያ ከብት የሚያረቡ ሰዎች መንደር አለ፤ እንግዳ ወተት ሳይጠጣ መንገድ አይጀምርም፣ ላሞቹ ደግሞ በዚያ ሰሞን ነጥፈዋል። ከመንደሩ ወዲያ ሳር ሰው የሚውጥበት ሜዳ አለ፤ ከሜዳው ወዲያ ከዚህ በፊት ያላሰብኩት ወንዝ። ለያንዳንዱ የገበያ ቀንና የራሱን ጠብ እሰጠዋለሁ። ከጻፍኳቸው ሁሉ የተሻሉት እነዚህ ናቸው። ምን እያደረግኩ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መንገዱን እያስረዘምኩበት ነው። ደርሷል ብዬ መጻፍ አልችልም፤ ቀርቷል ብዬም አልችልም። እናቱም ታውቃለች። አንዳንድ ቀን “ይህችን መንደር ቶሎ አሳልፈው” ትለኛለች፣ አንዳንድ ቀን “እዚሁ ትንሽ ይረፍ።”

ዛሬ ወደ ሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። “ዝናብ አታዝንብበት፤ ጫማው ተበጥሷል” አለችኝ።

“እሺ” አልኳት።

ሄደች። ወረቀቱን አውጥቼ ዝናቡን ጻፍኩት። ወንዙ ካልሞላማ ተሻግሮ ቤት ይደርሳል።