ጋሽ ደቅሲሳና ባለ አምስት ፎቁ በርገር ቤት

መቱ ውስጥ የሚወራው እንዲህ ነው፦ ጡረተኛው ሾፌር ጋሽ ደቅሲሳ ዋቁማ ባለ አምስት ፎቅ በርገር ቤት ሊከፍቱ ነው። ገንዘቡ በጋምቤላ በኩል ከተገኘ ወርቅ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ፎቅ ለተማሪ፣ ሁለተኛው ለቢሮ ሰው፣ ሦስተኛው ለባለትዳር፣ አራተኛው በልቶ መውረድ ላቃተው ሰው ማረፊያ ሲሆን፣ አምስተኛው ላይ የወጣ ደግሞ በርገሩን እየገመጠ የጎሬን ከተማ ቁልቁል ያያል። የሙያውን ምስጢር ለመስረቅም ሲሉ ሰውየው ከከተማው ዳር ያሉትን በርገር ቤቶች አንድ በአንድ ያስሳሉ፤ በቀን ሰባት በርገር ይበላሉ።

ወሬው ያምራል። ማመኑ ነው የሚያስቸግረው። የመቱ ጉም የወረደ ቀን ከአምስተኛው ፎቅ ላይ ጎሬ ቀርቶ አራተኛው ፎቅም አይታይም። ወርቅ የተባለውንም ቢሆን ጋሽ ደቅሲሳ በቅርብ ያዩት በባለቤታቸው ጣት ላይ ብቻ ነው። ይህም ሁሉ ይቅር፤ ሰውየው በዳቦ መሀል የተደበቀ ነገር አይወዱም። «ምግብ ከሆነ ምነው ፊቱን ቢያሳይ!» ሲሉ ያልሰማቸው የለም።

ነገሩ ከሥሩ ሲወራ ሌላ ነው።

ጋሽ ደቅሲሳ ሰላሳ አንድ ዓመት ከመቱ አዲስ አበባ አውቶቡስ ነድተዋል። ሲጀምሩ መንገዱ አፈር፣ ጸጉራቸው ጥቁር ነበር፤ ሲጨርሱ መንገዱ ጠቁሮ ጸጉራቸው ነጣ። በዚያ ሁሉ ዘመን የሰው አደራ ጠፍቶባቸው አያውቅም። የሙሽራ ጫማ፣ የተማሪ ሽሮ፣ የበሽተኛ መድኃኒት አድርሰዋል። አንድ ጊዜማ ከኡካ የተላከች ዶሮ ጅማ ላይ እንቁላል ጥላ፣ ዶሮዋንም እንቁላሉንም ለባለቤቱ አስረክበዋል። «እንቁላሉ አልተመዘገበም ነበር እኮ» ቢሏቸው፣ «ዶሮዋ መስክራለች» ብለው ሄዱ። መቱ ላይ «ደቅሲሳ ይዞታል» ከተባለ «ደርሷል» ማለት ነበር።

ባለፈው ክረምት ባለቤታቸው እትዬ ተጂቱ ታመሙ። አዲስ አበባ ተወስደው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ደኅና ሆነው ተመለሱ፤ የምግብ ፍላጎታቸው ግን ከሳቸው ጋር አልተሳፈረም። ገንፎ ሲቀርብላቸው ገፋ ያደርጋሉ። ጨጨብሳ ሲመጣ «ነገ» ይላሉ። የዶሮ ሾርባውንማ ለዶሮዋ ያዘኑላት ይመስል አይተው አይተው መለሱት። ቀሚሳቸው በየሳምንቱ ሰፋ፤ የጋብቻ ቀለበታቸው ከጣታቸው ወልቆ ሳሙና ማስቀመጫው ውስጥ ተገኘ። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ተደሰተ፤ ሚዛኑን አይቶ ግን ጋሽ ደቅሲሳን ወደ በሩ ወስዶ፣

«ጋሼ፣ ያማራቸውን ሁሉ ያብሏቸው» አላቸው። «እንደዚህ ከቀጠሉ አቅም አጥተው ተመልሰው መተኛታቸው ነው። ያኔ እንዳሁኑ አይቀለንም።»

ጋሽ ደቅሲሳ ያን ቀን ቤታቸው የገቡት በእግራቸው ነው። ባጃጅ መኖሩን ረስተውት ነበር።

«ሃዳ ቀኖ» አሉ፣ እንደ ልማዳቸው በበኩር ልጃቸው ስም የቀኖ እናት ብለው ጠርተዋቸው። «ማሎ፣ እባክሽ፣ ምን አማረሽ? የፈለገው ይሁን፣ ስሙን ብቻ ንገሪኝ።»

«ስሙን አላውቀውም» አሉ እትዬ ተጂቱ። «ከሆስፒታል የወጣሁ ዕለት አቢጋኤል ያበላችኝ ያ ዳቦ…»

አቢጋኤል አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ የምትኖር የእትዬ ተጂቱ የእህት ልጅ ናት። ጋሽ ደቅሲሳ ወዲያው ደወሉ።

«በርገር ነዋ ጋሼ!»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዳቦ ሆኖ፣ መሀሉ የተፈጨ ሥጋ፣ አይብ፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም…»

«ያ ፊቱን የሚደብቀው?»

«እሱው!»

ጋሽ ደቅሲሳ ስልኩን ዘጉ። ከአዲስ አበባ ቢያስመጡት መቱ እስኪደርስ ድንጋይ ይሆናል። እዚሁ መገኘት አለበት።

ፍለጋው መሀል ከተማ ተጀመረ። አንዱ ካፌ «በርገር» ብሎ ያቀረበላቸው ዳቦ በእንቁላል ነበር።

«ሥጋውስ የኔ ልጅ?» አሏት አስተናጋጇን።

«ሥጋ ያለው ዛሬ የለም ጋሼ።»

«መቼ ይኖራል?»

«እሱማ ኖሮም አያውቅም።»

ሌላው ቤት ቀኑ ረቡዕ ስለነበር «የጾም በርገር» ብሎ በዳቦ መሀል ምስር ወጥ ሞልቶ አመጣላቸው። ሲነክሱት ወጡ በክንዳቸው በኩል ወደ ክርናቸው ተጓዘ። በመጨረሻ አንድ የቢሮ ልጅ አዘነላቸው፦ «በርገር ከሆነ የሚፈልጉት ከከተማው ይውጡ። የዩኒቨርሲቲው መንገድ ላይ ነው ያለው።»

እውነቱን ነው። ከመሀል ከተማ ወጥቶ ተማሪና አስተማሪ የሚርመሰመስበት ዳር ላይ፣ በርገር ቤት እንደ ሐምሌ እንጉዳይ ፈልቷል። ዐሥራ አንድ ቤት ነው። በሁሉም ቆርቆሮ ላይ «አንደኛ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሁለተኛ ነኝ የሚል አንድም የለም።

እዚህ ላይ የሾፌር ጥበብ ሥራ ጀመረ። መንገድ የማያውቅ ሰው ምግብ ቤትን በቆመበት መኪና ብዛት ይለካል። ጋሽ ደቅሲሳ በዚህ ይስቃሉ፤ መኪና ለጥላም ይቆማል፣ ለጎማም ይቆማል። እሳቸው የሚያዩት ጓሮ የተኛውን ውሻ ነው። ውሻው ወፍሮ እንደሆነ ሰው ሳህኑ ላይ እየተወ ይሄዳል ማለት ነው፤ እዚያ ቤት አይበላም። ውሻው ከስቶ፣ ተስፋ ቆርጦ፣ ከቤቱ የሚወጣውን በላተኛ ሁሉ በጥላቻ የሚያይ ከሆነ ግን ግቡ፤ ምግብ አለ። በዚህ ዘዴ ሰላሳ አንድ ዓመት ሲበሉ አንድ ቀን ሆዳቸውን ቆርጧቸው አያውቅም።

እንግዲህ አስቡት። ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ በየበርገር ቤቱ ጓሮ ይዞራሉ፤ ጎንበስ ብለው የውሻ ጎድን ይመረምራሉ። ከዚያ ገብተው አንድ በርገር ያዝዛሉ። ክዳኑን አንስተው ሥጋውን በሹካ ይገለብጣሉ፤ ያሸታሉ፤ ሁለት ጊዜ ገምጠው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደሚቀጥለው ቤት ይሻገራሉ። ወሬ ከዚህ የተሻለ ማዳበሪያ ከየት ያገኛል? በሦስተኛው ቀን ፎቁ ተሠራ፤ በአራተኛው ወርቁ ተገኘ።

አብደታ የሚባለው ባለ በርገር ቤትማ ገና ሲያያቸው መጥበሻውን በካርቶን ሸፈነ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቅመሙን አልነግርዎትም።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ፎቁ ስንተኛ ላይ ደረሰ?»

«የምን ፎቅ?»

አብደታ ወደ ደንበኞቹ ዞረ። «አያችሁ? ሀብታም ማለት እንዲህ ነው፤ ይክዳል!»

የአብደታ ውሻ እንደ ፋሲካ በግ ሰብቶ በር ላይ ተዘርግቷል። ጋሽ ደቅሲሳ ተራምደውት ሄዱ።

አንድ ቀን በጋምቤላ መንገድ ላይ እስካለችው ቡሬ ድረስ ዘለቁ። እዚያ ያገኙት በርገር መልካም ነበር፤ ግን ሚኒባሱ መቱ እስኪገባ ዳቦውና ሥጋው ተኳርፈው ለየብቻ ሆኑ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከዐሥራ አንዱ ውጭ፣ ከአንድ ጎማ ጥገና ቤት ጎን፣ «አንደኛ» የሚል ያልተጻፈባት ጠባብ ቤት አገኙ። ጓሮዋ ያለው ውሻ ጎድኑ በሩቅ የሚቆጠር፣ ዓለምን የመነነ ፍጡር ነበር። ጋሽ ደቅሲሳ ወዲያው ገቡ። ባለቤቷ የምስራች የምትባል ቁጥብ ሴት ናት። ሥጋውን ማለዳ በቢላዋ ትከትፋለች እንጂ አትፈጭም፤ ዳቦውን ሥጋው የተጠበሰበት መጥበሻ ላይ ገልብጣ ታሞቀዋለች። ጋሽ ደቅሲሳ አንዴ ገመጡ። ደግመው ገመጡ። እንደሌላው ቦታ ራሳቸውን ሳይነቀንቁ እስከ መጨረሻው በሉ።

«አንድ ጠቅልይልኝ» አሉ።

ሰላሳ አንድ ዓመት አደራ ያላጠፉት ሰው ያንን በርገር ከኮታቸው ሥር እንደ ጫጩት አቅፈው በባጃጅ ወሰዱት። ትኩስ እንደሆነ ደረሰ። እትዬ ተጂቱ ፊት አስቀምጠው ከፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

«አንተስ?» አሉ እትዬ ተጂቱ።

«እኔ በልቻለሁ። አንቺ ብይ።»

እትዬ ተጂቱ አንዴ ቆረስ አደረጉ። ጋሽ ደቅሲሳ የሞተር ሙቀት እንደሚከታተል ሾፌር ዐይናቸውን ከሚስታቸው አፍ ላይ አልነቀሉም። እትዬ ተጂቱ ዳቦውን መልሰው አስቀመጡት። «ነገ።»

በማግሥቱም ትኩሱ መጣ። «አንተስ?» «በልቻለሁ፣ ብይ።» አንድ ቁራሽ፤ ነገ። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ አልነኩትም። ጋሽ ደቅሲሳ የምስራች ቤት ተመልሰው ሄዱ።

«የኔ ልጅ፣ ምን ጎድሎበት ነው?»

የምስራች በቢላዋዋ ወደ ጓሮ ጠቆመች። «ውሻውን ይጠይቁት ጋሼ። ከተከፈትን ጀምሮ አንድ ፍርፋሪ አላየም።»

ያን ዕለት ጋሽ ደቅሲሳ ትዕግሥታቸው አለቀ። ቁጣቸው የፍርሃት ቁጣ ነበር።

«የቡሬውን ላምጣ? አቢጋኤል ራሷ ተሳፍራ ይዛው ትምጣ? ምኑ ነው የጎደለው? ንገሪኛ!»

«ዳቦው ምንም አልጎደለውም» አሉ እትዬ ተጂቱ።

«ታዲያ?»

«አባ ቀኖ፣ አቢጋኤል እኮ ለሁለት ከፍላ ነው ያበላችኝ። እሷም ትገምጣለች፣ እኔም እገምጣለሁ። አንተ ግን ሰላሳ አንድ ዓመት በልተህ ነው የምትመጣው። በደሌ በላሁ፤ ጅማ በላሁ። እኔ እራት አቅርቤ ስጠብቅ አንተ በልተሃል። ጡረታ ሲወጣ አብረን እንበላለን ስል፣ ይኸው ደግሞ በርገር በልተህ መጣህ። ፊቴ ተቀምጠህ አፌን እያየህ፣ እኔ እንደ በሬ ብቻዬን ላመንዥክ?»

ሾፌር በየከተማው ተሳፋሪ ስለሚያመጣ ባለ ምግብ ቤቱ ሳያስከፍል ያበላዋል። ጋሽ ደቅሲሳም በልተው መግባታቸውን ሚስታቸውን ከድካም ማዳን አድርገው ይቆጥሩት ነበር። እንዲያውም አንዳንድ ቀን፣ ሚስታቸው ምግብ ለማቅረብ እንዳይነሱ ብለው፣ ሳይበሉም «በልቻለሁ» ብለዋል። ይህን ግን አሁን ቢናገሩት የሚብስ መሰላቸው።

በማግሥቱ ጋሽ ደቅሲሳ ቁርስ አልነኩም። ሻይ ቢቀርብላቸውም እምቢ አሉ። እኩለ ቀን ላይ ሆዳቸው ዳገት እንደያዘ አሮጌ ካሚዮን ሲያጓራ ጎረቤት ተሰማ። ዳምጤ የሚባለውን የሰፈራቸውን ባለ ባጃጅ ጠሩ፤ እትዬ ተጂቱን ደግፈው አሳፈሩና የምስራች ቤት ወሰዷቸው።

«አንድ በርገር» አሉ።

«ለሁለት ሰው አንድ?» አለች የምስራች።

«አንድ። ቢላዋም አምጪ።»

ቆረጡት። እኩል አልሆነም። ትልቁን ወደ እትዬ ተጂቱ ገፉት፤ እትዬ ተጂቱ መልሰው ገፉት፤ ትልቁ ግማሽ ሦስት ጊዜ ጠረጴዛውን አቋረጠ።

«እራበኝ ሃዳ ቀኖ» አሉ ጋሽ ደቅሲሳ፤ በሰላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመስኩም። አንቺ ካልበላሽ እኔም አልበላም።»

«ኤዬ! አዎ፣ እንዲህ ነው እንጂ» አሉ እትዬ ተጂቱ፤ ገመጡ። ጋሽ ደቅሲሳም ገመጡ። ቲማቲሙ ሾልኮ ኮታቸው ላይ አረፈ። እትዬ ተጂቱ ሳቁ፤ እየሳቁም ደግመው ገመጡ፤ ሦስተኛ ገመጡ። ጋሽ ደቅሲሳ ስልሳ ሰው ጭነው የጊቤን ዳገት ሲወጡ እንኳ እንዲህ ትንፋሻቸውን ይዘው አያውቁም። እትዬ ተጂቱ የራሳቸውን ግማሽ ጨረሱ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ከጋሽ ደቅሲሳ ግማሽ ላይ ቆረሱ።

«የምስራች» አሉ አፋቸው ሞልቶ፣ «አንድ ድገሚን።»

በዚህ መሀል ዳምጤ ከበሩ ላይ ሆኖ በስልክ ሰው ሲጠራ ነበር። አብደታ መጣ። ከጎማ ጥገናው ቤት ሦስት ሰው ተጨመረ። ከባጃጅ ተራው ሾፌሮች ግማሾቹ በሩን ሞሉት።

«ጋሼ!» አለ ዳምጤ። «እንግዲህ አልቆልዎታል። ባለቤትዎን ቦታውን ሊያሳዩ አመጧቸው! እኛ የሰፈርዎ ልጆች አምስተኛው ፎቅ ላይ በመስኮቱ በኩል ቦታ ይያዝልን። ወርቁስ ስንት ኪሎ ነበር?»

«ቅመሙን ከኔ ነው የወሰዱት!» አለ አብደታ።

ጋሽ ደቅሲሳ አፋቸው ውስጥ ያለውን አላምጠው እስኪጨርሱ ሁሉም ጠበቀ።

«ውሸት ነው» አሉ። «ከታች እስከ ላይ ውሸት ነው። ፎቅ የለኝም። ቤት አልከፍትም። ወርቅ አላገኘሁም። ያንተን ቅመም በነጻ ብትሰጠኝም አልወስደውም። በቀን ሰባት በርገር የሚበላ ሰው ካለ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ እኔ ግማሽ ነው የምበላው፤ እሱንም አልወደውም።»