የእህቴ ካርዶችና የመምህሩ መጽሐፍ

ክረምት በገባ ቁጥር የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ያፈስ ነበር። ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፤ የረጠበ ወረቀት ሽታውም እንዲሁ። ታላቅ እህቴ የሃይማኖት ትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ጠባቂ ነበረች፤ እኔ ወለሉን እወለውላለሁ። ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የማወራው ያየሁትን ነው።

ከተዘጋ ትምህርት ቤት በሣጥን የመጡ፣ የአይሁድ ረቢዎች መጽሐፍ ቅዱስን የተረጎሙባቸው መጻሕፍት ነበሩ፤ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። መሐል ላይ ጥቅሱ፣ ዙሪያውን በደቃቅ ፊደል የረቢዎቹ ክርክር። እህቴ ዕብራይስጡን ከጎረቤታችን፣ ከአይሁዳዊው ሰዓት ሠሪ ሽማግሌ ተማረች። አንዱን የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ አሥር ረቢ በአሥር መጽሐፍ ይተረጉመዋል፤ የቱ የት እንዳለ የሚያሳይ ግን አልነበረም። ስለዚህ ለየጥቅሱ ካርድ አወጣች፤ ማን፣ በየትኛው መጽሐፍ፣ በስንተኛው ገጽ፣ ምን እንዳለ፣ በእኛው ቋንቋ። አሥራ አንድ ዓመት ፈጀባት፤ ካርዶቹ አራት መሳቢያ ሞሉ። ባል መጥቶላት እንኳ "ቆይ፣ ካርዶቼን ልጨርስ" ብላ መልሳዋለች።

አንድ መምህር መጣና፣ "እህቴ፣ ለሳምንት ላገላብጣቸው" አላት። አራቱንም መሳቢያ ይዞ ሄደ። ሳምንቱ ዓመት ሆነ። ከዚያ ከካርዶቿ የገለበጠውን የመጽሐፍ ረቂቅ ላከላት፣ ፊደል እንድታርምለት። ሽፋኑ ላይ የእሱ ስም፤ የእሷ የትም የለም።

"ሄደሽ ፊቱ ላይ ወርውሪለት!" አልኳት።

"ዝም በይ አንቺ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር አረመችለት። አንዲት ነገር ግን አልነገረችውም። በዕብራይስጡ የብዙው መዝሙር አርእስት ራሱ ቁጥር ይይዛል፤ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ አይቆጠርም። ካርዶቿን የቆጠረችው በዕብራይስጡ ነበር። መምህሩ የዕብራይስጡን ፊደል እንጂ ቋንቋውን አያውቅም፤ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ ከእኛ ጥቅስ ጎን ለጠፈው። ይኸው፣ የእነዚያ መዝሙሮች ትርጓሜ ሁሉ ከማይመለከተው ጥቅስ ጋር ተጋባ።

መጽሐፉ የተመረቀ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እህቴ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ሦስተኛውን መዝሙር፣ ቁጥር ስድስትን ከነትርጓሜው ያንብቡልን።"

ጥቅሱን አነበበ፤ አእላፍ ጠላት ቢከበኝም አልፈራም የሚለውን።

"ረቢዎቹስ?"

"ጻድቅ ሰው ሲተኛ... በእንቅልፉ..." ብሎ ቀጥ አለ።

"አእላፍ ከቦዎት ነው የሚያንቀላፉት? አይ እንቅልፍ! ለእኛም ያድለን!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ጎንበስ ብሎ፣ "ኧረ በፈጠረሽ፣ እህቴ፣ ተዪኝ" አላት።

"ካርዶቹ የእኔ ናቸው" አለች፣ የኋለኛው ወንበር እስኪሰማ። "ቢጠይቁኝ ኖሮ አቆጣጠሩን እነግርዎት ነበር። ደግሞ ሌላ መዝሙር እንይ።" አምስት መዝሙር አስነበበችው። ላቡ ወረቀቱ ላይ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ፤ ያን ሳስታውስ እስከ ዛሬ አንጀቴ ይርሳል፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

መጽሐፉ በሳምንቱ ከገበያ ተሰበሰበ። መምህሩ ከከተማው ጠፋ፤ አራቱን መሳቢያ ግን አልመለሰም። ቤቱ ድረስ ሄድን፤ ምድጃው የወረቀት አመድ ሞልቷል። እህቴ አመዱን በጣቷ ነካ አድርጋ ቆመች።

"አስቀድመሽ ብትነግሪውስ ኖሮ?" አልኳት።

"ስሜን ያወጣው ነበር? ዛሬም ቢሆን አልነግረውም።"

በወሩ ሥራዋንም ከተማውንም ለቀቀች። እኔ እንድቀር ፈለገች፤ ቀረሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ያያት ሰው እንደነገረኝ፣ በወደቡ ከተማ ከአይሁድ ጸሎት ቤት ጀርባ ባለች የንባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ካርድ ትጽፍ ነበር።