አንድ ጠብታ ሳያልፍባት

የካ ሚካኤል ጀርባ፣ ዳገቱ ላይ፣ ልደቱ የሚባል ሰው አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቶ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ፋይል ጠፍቶበት አያውቅም፤ ይሄን እሱም ይናገራል፣ ሌላውም ይመሰክርለታል። እቤት ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሰቀለው መደርደሪያ በሦስተኛው ቀን ከነብርጭቆው ወርዷል። የመጸዳጃ ቤቱን መቀርቀሪያ በውጭ በኩል ስለመታው፣ ውስጥ የገባ ሰው እያሳለ መኖሩን ማስታወቅ ግድ ሆኖበታል። ቤተሰቡ አሥራ አራት ዓመት ሲያስል ኖሯል። ሚስቱ ሥርጉት ስለነዚህ ነገሮች ክፉ ደግ ተናግራ አታውቅም። ልደቱ ዝምታዋን አድናቆት ነው ብሎ ነበር የያዘው።

ቤታቸው ውስጥ ባኞ አለ። አባቱ ድሮ ከአገር ይወጣ ከነበረ ፈረንጅ ቤት ጨረታ ገዝተው፣ በስምንት ሰው አሸክመው ያስገቡት ባለ አራት እግር የብረት ባኞ ነው። ገላውን የታጠበበት ሰው ግን የለም። ሰፈሩ ውሃ በፈረቃ ነው የሚያገኘው፣ ሐሙስ ሐሙስ። ሐሙስ ባኞው ይሞላል፤ ሳምንቱን ሙሉ ከእሱ እየተቀዳ ይበሰላል፣ ይታጠባል።

ታዲያ ባኞው ላይ የምታፈሰው ቧንቧ ማፍሰስ ጀመረች። ባፏ ብታፈስማ ማን ይጠላ ነበር፣ ሥራዋ ነው። እሷ የምታፈሰው ባንገቷ ነው፣ ከግድግዳው ጋር በምትገናኝበት በኩል። ውሃው በግድግዳው ሾልኮ ከጀርባ ካለው እቃ ቤት ይገባል። እቃ ቤቱ ውስጥ ደግሞ የጤፍ ኬሻ አለ። ሁለት ሐሙስ ጤፉ ረጠበ።

ሥርጉት ቀጀላን እንጥራው አለች። ቀጀላ የሰፈሩ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ከልደቱ ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ እንጦጦ ጫካ ቅጠል እየለቀሙ ያደጉ፣ አሁንም የሚካኤልን ማኅበር አብረው የሚጠጡ ናቸው። ልደቱ አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምቀይራት አለ። ይሄን ያለው ገንዘብ ሊያተርፍ አይደለም። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ተነስቶ፣ ሱፉን ለብሶ፣ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። ሥርጉት ልትጠርግ ስትመጣ እግርህን አንሳ ትለዋለች፣ ያነሳል። ዓመቱን ሙሉ በዚህ ቤት የሠራው ሥራ ቢቆጠር እግር ማንሳት ነው። ይቺ ቧንቧ ከሆነችለት በገዛ ቤቱ የሚያደርገው ነገር ያለው ሰው ይሆናል፤ ካልሆነችለት እግሩን እያነሳ ሊያረጅ ነው። እንዲህ ብሎ ለራሱ ቁርጡን ነግሮታል።

ስልኩ ላይ ቪዲዮ አገኘ። ሠሪው የሚናገረው የህንድ ቋንቋ ነው። ልደቱ አንድ ቃል አልገባውም፣ ግን እጁን እያየ አሥራ አንድ ጊዜ ደጋገመው። ሰኞ መገናኛ ወርዶ አዲስ ቧንቧ ገዛ፣ ከጎረቤት መፍቻ ተዋሰ፣ ሱፉን አወለቀ።

አሮጌዋን ፈታት። ከግድግዳው የወጣውን ብረት ባሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተገው። ውሃ እንዳይሾልክ የሚጠመጠመውን ነጭ ቴፍሎን ጠቀለለበት፤ አዲሷን ሊያጠብቃት ሲል ቴፍሎኑ ተገፎ እጁ ላይ ቀረ። ቪዲዮውን እንደገና አየ። ለካ የጠቀለለው በግራ ኖሯል። በቀኝ ጠቀለለ፣ እሺ አለው። መጨረሻ ላይ ጉልበት ሲያጥረው በመፍቻው አነቃት። ህንዱ መፍቻውን ከማስነከሱ በፊት ቧንቧዋን ጨርቅ አልብሷት ነበር። ልደቱ እዚያ ቦታ ላይ ሻይ እየጠጣ ስለነበረ አላስተዋለውም። የመፍቻው ጥርስ የሚያብረቀርቀው አንገቷ ላይ ሁለት ረድፍ ንክሻ ጥሎባት ቀረ።

ሥርጉት ገብታ ይሄ ምንድነው ስትለው፣ የፋብሪካው ጌጥ ነው አላት። አሃ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልደቱ ያንን አንገት ቀና ብሎ አያየውም ነበር።

እንግዲህ ሰኞ ነው የተሠራችው። ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ነው። መሃል ላይ ደግሞ እሮብ አለ፤ እሮብ አሥራ ስድስት፣ ኪዳነ ምሕረት። ልደቱ ጉልበቱን ስለሚያመው ጀሪካኑን ይዞ በጠዋት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሄደ። ተጠመቀ፣ ጠበሉን ቀዳ፣ ተሳለመ። ሲሳለም ስለ ጉልበቱ ሊለምን አስቦ፣ ካፉ የወጣው ስለ ቧንቧዋ ሆነ። ነገ ውሃ ሲመጣ እንዳታሳፍሪኝ አለ። ወዲያው ጉልበቱ ትዝ ብሎት እሱንም ጨመረ፣ ግን ዋናው ቀድሞ ገብቷል።

ሐሙስ ውሃ መጣ። ባኞው ሞላ። ግድግዳው ደረቅ፣ እቃ ቤቱ ደረቅ፣ ጤፉ ደረቅ። ልደቱ ሦስቱንም በየተራ ዳሰሳቸው። ሥርጉት ጎበዝ አለችው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሦስት ሳምንት ምን ብዬ ልንገራችሁ። ታክሲ ሲጠብቅ አጠገቡ የቆመ ሰው ሁሉ ቧንቧ እንዴት እንደሚቀየር አውቆ ነው የሚሳፈረው። ልጁ መቅደላዊት ከኮተቤ ስትደውል ስልኩን ከእናቷ ነጥቆ ያስረዳታል። እግርህን አንሳ ሲባል ማንሳቱን አልተወም፣ ግን አሁን የሚያነሳው ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ቀስ ብሎ ነው።

ወሩ ገብቶ አሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ማኅበር ደረሰ። ልደቱ ታሪኩን ከመጀመሪያው አንስቶ አወራ። ቀጀላ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ቧንቧ ሲፈታ ሲገጥም የኖረውን ሰው፣ ቴፍሎኑን እኮ በቀኝ ነው የምትጠቀልለው አለው ልደቱ።

ቀጀላ የጠላ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «በቀኝ?»

«በቀኝ።»

«እጅህ ይባረክ» አለ ቀጀላ፣ እና ብርጭቆውን መልሶ አነሳ። ሁለት ሦስት ሰው ሳል ሳል አላቸው። ልደቱ የጠላው ጌሾ በዝቶ ነው ብሎ አሰበ።

በሳምንቱ ሰኞ፣ ልደቱ ባለሙያ ሥራውን ይጠብቃል ብሎ ጨርቅና ሳሙና ይዞ ገባ። ባኞውን አሸት አሸት አደረገ፣ ቧንቧዋን አሸት አደረገ፣ አንገቷ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ፊቱን ዞር አድርጎ በእጁ ብቻ ጠረገው። እጁ ምንም አልነካም። በጣቱ ፈለገ። ለስላሳ ነው። ፊቱን መለሰና አየ፤ ንክሻው የለም። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ድኗል የሚል ነበር። ቀጥሎ ብረት ይድናል እንዴ አለ። ሦስተኛው ሐሳብ እስኪመጣ ባኞው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ፤ ሲመጣ ደግሞ ተነስቶ ወደ ማድ ቤት ሄደ።

ሥርጉት ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

«የኔዋ የታለች?» አላት።

የቷ ብላ አልጠየቀችም። ይሄ ነው ከሁሉ ይልቅ ያመመው። ቢላዋውን አስቀመጠችና «እቃ ቤት፣ ከጤፉ ኋላ፣ በፌስታል» አለች።

«መቼ ነው?»

«ኪዳነ ምሕረት የሄድክ ለት።»

ልደቱ የመዝገብ ቤት ሰው ነው፣ ቀን ማስላት ይችልበታል። ሰኞ ገጠመ፣ እሮብ ተፈታች፣ ሐሙስ ውሃ መጣ። እሱ እዚያ ላይ እንዳታሳፍሪኝ እያለ ሲለምን፣ ቀጀላ እዚህ ታች ባኞው ውስጥ ተጋድሞ እሷን ይፈታ፣ ቁርጥ እሷን የምትመስል ሌላ ይገጥም ነበር።

«ውሃ ነበር እንዴ እሮብ?»

«አልነበረም።»

«አፍስሳ ነበር?»

«ውሃ ሳይኖር በምን ታፈሳለች?»

«ታዲያ እንደምታፈስ በምን አወቅሽ?»

ሥርጉት ሽንኩርቱን አየች፣ እሱን አየች። «አንተን አውቅሃለሁ» አለች።

ይቺ ሴት ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብራው ኖራለች፣ መደርደሪያው ሲወርድ ብርጭቆውን ጠርጋለች፣ አሥራ አራት ዓመት አስላለች፣ አንድም ቀን አልተናገረችም። ለካ ሁሉንም እየመዘገበች ኖሯል። እሷም ዝም አላለች፤ ማኅበር ፊት አፍረህ እንዳትሰበርብኝ ብዬ ነው፣ ጤፉ ሁለቴ ረጥቧል፣ ቀጀላም ብር አልቀበልም ለወንድሜ ነው ብሎ ነው የሠራው እያለች ብዙ ተናገረች። እሱ አልሰማትም።

«አንድ ሐሙስ ብትታገሺኝ ምን ነበረበት?» አላት።

ሥርጉት ቢላዋውን አንስታ ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰች። ቆይቶ ማኅበሩ ውስጥ ማን ማን ያውቅ ነበር ሲላት፣ ሁሉም አይደሉም አለችው። ያጽናናችው መስሏት ነው።

ማታውኑ ቀጀላ ደወለ፣ ልደቱ አላነሳም። ያበሳጨው የማኅበሩ ሰዎች ማወቃቸው አይደለም፣ መሳላቸውም አይደለም። ሰኞ የገጠማት ቧንቧ ታፈስ ነበር ወይስ አታፈስም ነበር? ይሄንን ከእንግዲህ የሚነግረው ሰው በምድር ላይ የለም። አንድ ጠብታ ሳያልፍባት ተፈትታለች። መደርደሪያው እንኳን ሦስት ቀን ተሰጥቶት ነበር።

ማክሰኞ ፌስታሉን አወጣ። መፍቻ ተውሶ ሲመለስ ሥርጉት በመስኮት አየችው። የቀጀላን ቧንቧ ፈታ፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ንክሻ ሳያሳርፍባት፣ ያንን ክብር አልነፈጋትም። ብረቱን ፈተገ፣ ቴፍሎኑን በቀኝ ጠቀለለ፣ ባለ ንክሻዋን መልሶ ገጠማት። እሮብ ከቤት አልወጣም። ከሳሎን እንኳን ብዙ አልራቀም። ሥርጉት ገበያ ሂድልኝ ብትለው ጉልበቴን አለ።

ሐሙስ ጠዋት በርጩማ ወስዶ ባኞው አጠገብ ተቀመጠ። አራት ሰዓት ግድም ቧንቧዋ አሳለች፣ አየር ተፋች፣ ቡናማ ውሃ ተፋች፣ ከዚያ ጠርቶ መጣ። ልደቱ ተንበርክኮ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስጠግቶ አንገቷን ያይ ጀመር። ባኞው ሩብ ሞላ። ግማሽ ሞላ። ደረቅ ነው። ደስ ይለኛል ብሎ ሲጠብቅ ደስታው አልመጣ አለው። ሥርጉትን ጠርቶ አላፈሰችም ቢላት ጎበዝ ትለዋለች፤ ብታፈስም ጎበዝ ነው የምትለው። ቃሏ ከእንግዲህ ለምንም አይሆንም።

ጠራት። መጣች።

«እጅሽን አምጪ» አላት።

አምጥታ ሰጠችው። እጇን ይዞ ከቧንቧዋ ኋላ፣ ብረቱ ግድግዳው ውስጥ በሚገባበት አስገባው። ሥርጉት ዳሰሰች፣ በላይ በኩል ዳሰሰች፣ በታች በኩል ዳሰሰች። እጇን አወጣችና ጠብታ ያልነካውን እጅ በቀሚሷ ጠረገችው።

ልትናገር አፏን ስትከፍት የግቢው በር ተንኳኳ። ሥርጉት ወደ በሩ አየች፣ ከዚያ ወደ መሬት።

«ማን ነው?» አለ ልደቱ።

«ማክሰኞ መፍቻውን ይዘህ ሳይህ ደውዬለት...» ብላ አልጨረሰችውም።

ልደቱ ራሱ ሄዶ ከፈተ። ቀጀላ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ቆሟል። በዚህ በኩል ሳልፍ አለ። ልደቱ ግባ አለው። እየመራ ባኞው ጋ አደረሰው፣ በርጩማውን በእግሩ ገፋለት፣ በእጁ አሳየው።

ቀጀላ ቦርሳውን አስቀምጦ ተንበረከከ። ከኪሱ ሶፍት አውጥቶ በአንገቷ ዙሪያ አዞረው፣ ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። ሌላ ሶፍት አወጣ፣ እንደገና አዞረው። ያንንም አየው። ንክሻዋን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ውሃው እየወረደ ነው። ከዚያ እንደተንበረከከ ቀና አለ፤ ፊቱ ላይ የማኅበሩ ለት የነበረው ፌዝ አሁን የለም።

«ልደቱ፣ ቴፍሎኑን ስንት ዙር ነው የጠቀለልከው?»

«እሱን አልነግርህም» አለ ልደቱ።

እውነቱን ለመናገር አልቆጠረውም ነበር።