ዝምድናም ጠብም ያለው ምስክር

አባቴ ወታደር ነበር። ኮሪያ ዘምቶ በደህና የተመለሰ ሰው አሰላ ገብቶ በሳንባ ምች ሞተብን። ለሟች ወታደር ቤተሰብም ጡረታ ይሰጣል የሚለውን ወሬ የሰማነው ከተቀበረ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይተን ነው። እናቴ ወደ ጡረታ ጽሕፈት ቤት ሮጣ አመለከተች። የጋብቻ ወረቀት አምጪ አሏት። ምን ወረቀት! የተጋቡት ሲሬ፣ ዳስ ውስጥ፣ በሽማግሌ ፊት ነው። እንግዲያው ሰርጉ ላይ የነበረ ምስክር አቅርቢ ተባለች። ጡረታው ካልወጣ ቤቱን ለቀን ሮቤ አጎቴ ዘንድ ልንጠጋ ነው፤ እኔም ትምህርቴ በአራተኛ ክፍል ማብቃቱ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሁሉ አልፈዋል። የቀረው የአባቴ ሚዜ ብቻ ነበር፤ እሱና እናቴ ደግሞ ከተኮራረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው። ምክንያቱን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። በአባቴ ተዝካር፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ወጡ ጨው አንሶታል አለ። በቃ! እናቴ ካኮረፈች አኮረፈች ነው። ሲሬ ድረስ ሰው ላከችበት እንጂ ራሷ አልሄደችም።

በቀጠሮው ቀን ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አገኘነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። እኔን አገላብጦ ስሞ በኦሮምኛም በአማርኛም ደህንነቴን ጠየቀኝ። እናቴ ግድግዳውን ታያለች።

ጸሐፊው የተለመደውን ጥያቄ አነበበለት፤ ከአመልካቿ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ አለዎት? የለኝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። እሱ ግን አሰበ።

«ሁለቱም አለኝ» አለ።

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ዘመድም አይመሰክር፣ የተጣላም አይመሰክር፤ ይኸ ሰውዬ ሁለቱንም ሆኖ ቁጭ! በልጅ አፌ ልሰድበው ምንም አልቀረኝ።

በምን እንደሚዛመዱ ሲጠየቅ ሁሉንም ዘረዘረ። በሰርጉ ዕለት የእናቴ አባት እጇን በእጁ አስይዘው ከዛሬ ጀምሮ እህትህ ናት እንዳሉት፣ እሱም እንደማለ፣ በበቅሎ አፈናጦ ያመጣትም እሱ እንደሆነ ተናገረ። አሁን ዘመዴ አይደለችም ብዬ ብፈርም መሐላዬን አፈረስኩ አለ። ስለ ጠቡ ደግሞ ሦስት ዓመት እንዳላናገረችው፣ ጥፋቱም የእሱ እንደሆነ ጨመረ።

ጸሐፊው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የሚዜ ዝምድና ከምስክርነት እንደማይከለክል፣ ኩርፊያው እንደውም እንደሚጠቅም አስረዳን። ላኮረፈችው ሴት ብሎ የሚዋሽ ማን አለ? ሁሉንም አንድ ሳያስቀር ጻፈው።

እናቴ ይኼኔ ብድግ አለች።

«ጌታዬ፣ ጠቡን ይሰርዙልኝ። ከወንድሜ ጋር አልተጣላሁም።»

«እመቤት፣ ጡረታዎ የቆመው በጠቡ ላይ ነው» አላት ጸሐፊው። «ማኅተሙ እስኪያርፍ እንደተኳረፉ ይቆዩልኝ።»

ሁለቱም ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ቆሙ። የእናቴ ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጣል፤ የእሱም። እኔ ደስታዬን የማደርስበት አጣሁ። ማኅተሙ ጧ እንዳለ እናቴ ዞራ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ጸሐፊው ወረቀቱን ዘርግቶ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ዞር ብላም አላየችው። የተቀበልኩት እኔ ነኝ።