የጠፋችው ሞላ

ከሆቴል አስተናጋጅነት ተባርሬ በኬንያው ሞያሌ ጋሽ ሙሳ ሳይክል ቤት ስገባ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ጋሽ ሙሳ አንድ ጣሳ ላምባ ሰጡኝና «ስድስት ወር የሳይክል ዕቃ ታጥባለህ፤ ከዚያ ጎማ ትለጥፋለህ። ፈንዲ የምትባለው እኔ ስሞት ነው» አሉኝ።

ፈንዲ በስዋሂሊ ባለሙያ ማለት ነው። ሳይሞቱ ፈንዲ ሆንኩ። ዓይናቸው ስለደከመ ጥቃቅኑን ሥራ ሁሉ ለእኔ ለቀቁልኝ።

አንድ ጠዋት አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ከኢትዮጵያ በኩል ተሻግረው መጡ። ሳይክላቸውን ተሸካሚ ይዞላቸዋል፤ የፊት ጎማውን ራሳቸው ታቅፈውታል። ጎማው እንደኛ ሳይክሎች በኪያቤ የሚታሰር አልነበረም። በመሀሉ ቀጭን ዘንግ ያልፋል፤ በአንዱ ጫፍ ዳዶ፣ በሌላው የሚታጠፍ እጀታ አለው። አቧራ ጠጥቶ አልዘጋ ብሏቸዋል።

«ቶሎ በል ልጄ፣ መኪናው ይሄዳል» አሉኝ በመንገድ በለቃቀሙት አማርኛ። ወደ ማርሳቢት የጭነት መኪኖች የሚሄዱት በአጀብ ነው። ያመለጠው ሰው ቀናት ይቀመጣል።

ዳዶውን ፈትቼ ዘንጉን መዘዝኩ፤ ሁለቱን ሾጣጣ ሞላዎች አወጣሁ። ሁሉንም በላምባ አጥቤ አደረቅኩ። ዘንጉን ስስ ግራሶ ቀባሁት፤ እጀታው የሚዞርበት ላይ ዘይት ጠብ አደረግሁ። ሞላዎቹን ጠባብ ጫፋቸውን ወደ ውስጥ አድርጌ መለስኩ። ጎማውን ገጥሜ እጀታውን ስዘጋው መዳፌ ላይ ምልክት ተወ። ደንቡ ይኸው ነው።

መኪናው የሚነሳው ከኬላው ግቢ ስለነበር አብሬያቸው ሄድኩ። የኬላው ሹም ጠዋት ሲገቡ «ሳይክል፣ የፊት ጎማ የሌለው፣ አንድ» ብሎ መዝግቦ ኖሯል። ወረቀቱን አየ፤ ሳይክሉን አየ።

«ይሄ ጎማ አለው» አለኝ በስዋሂሊ።

«እኔ ገጥሜው ነው፣ ብዋና።»

«ጎማ የሌለው የታለ?»

«እሱው ነው።»

«እሱማ ጎማ አለው!»

እጀታውን ከፍቼ ጎማውን አወጣሁት። ሹሙ ፊቱ በራ። «አሃ፣ መጣ!» አለ። መልሼ ገጠምኩት። «ሄደ» አለ አዝኖ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግን። በአራተኛው ራሴ ልሞክር ብሎ ዳዶውን እስከ ጫፉ ፈታው። አንዷ ሞላ ተፈናጥራ ጠፋች።

ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። አሮጊቷ መሬት ላይ ተንበረከኩ፤ እኔም ተሸካሚውም ተከተልን። ሹሙ ቆቡን አውልቆ አሸዋውን ያበጥርበት ጀመር። «ከዚህ ግቢ ዕቃ ጠፍቶ አያውቅም!» ይላል ላብ እያጠመቀው። እንዲህ ያለ ሞላ ሞያሌ ቀርቶ ናይሮቢም መገኘቱን እንጃ።

የተገኘችው ሹሙ ላቡን ሊጠርግ ክንዱን ሲያነሳ ነው። ግራሶው ክርኑ ላይ አጣብቋት ነበር።

ገጠምኩና እጀታውን ዘጋሁ። ሹሙ ጥቂት አስቦ ወረቀቱን አረመው፦ «ሳይክል፣ አንድ። የፊት ጎማው አንዳንዴ አለ።» ማኅተም መታበት። አሮጊቷ መኪናው ላይ ከፍየሎች መሀል ወጥተው እጃቸውን እያውለበለቡ ሄዱ።

ከዓመታት በኋላ ሌላ መንገደኛ እንደነገረኝ ሞላዎቹ ዘንጉን መሀል ላይ ለመያዝ ብቻ ናቸው፤ ጎማውን አያስሩም። አንዷ ከጠፋች ያለሷ አጥብቃችሁ ሂዱ።