እስከ ጫፍ የተከፈተ ድምፅ

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤት ግቢ የሠርግ ድንኳን ተተክሎ ነበር። መስኮቴን ዘግቼ ልብስ ሳጣጥፍ ከሙዚቃው የሚደርሰኝ ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ዱም ዱም እያለ የመደርደሪያውን ብርጭቆዎች ያንቀጠቅጣል። ልጄ ሮጣ መጥታ መስኮቱን ስትከፍተው እልልታው፣ ጭብጨባው፣ የዘፋኟ ቀጭን ድምፅ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገቡ። ልብሱን እንደያዝኩ ቆምኩ። አምቦ ትዝ አለችኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩበት ዓመት።

የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ከአንድ የወንጪ ልጅ ጋር ተመደብኩ። ዝምተኛ ነው፤ ሲስማማ «ቶሌ» ይላል፣ ካልተስማማ ደግሞ ምንም አይልም። ሌሎቹ የበር ማንቂያና የትራፊክ መብራት ሲሠሩ እኛ ኮምፒውተር ላይ የሙዚቃ መሣሪያ ልንሠራ ተነሣን። ክር የለው፣ ቆዳ የለው፤ ከቁጥር ብቻ የሚወጣ ድምፅ። አማካሪያችን ሐሳባችንን አንብቦ፣ «ከወደቃችሁ ዓመት ጠብቃችሁ ነው የምትመለሱት። አስባችሁበታል?» አለን። እኔ የሸነን ከተማ አስተማሪ ልጅ ነኝ፤ የኔን መመረቅ የሚጠብቁ ሁለት ታናናሾች ነበሩኝ። እውነቱን ለመናገር፣ አላሰብኩበትም ነበር። ግን «አዎ» አልኩ።

ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የሚያወጣው ጥሬ ድምፅ ቆርቆሮ በመጋዝ ሲቆረጥ የሚሰማው ዓይነት ነበር። የሚያለዝበው ሎፓስ ፊልተር የሚባል ስሌት ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ ያሳልፋል፣ ቀጭኑን እንደ ወንፊት ያስቀራል። የቀኝ ቀስቱን ቁልፍ ስንጫን ፊልተሩ ይከፈትና ድምፁ ይጠራል፤ የግራውን ስንጫን ይዘጋና ይታፈናል። ያ የመጋዝ ጩኸት ለመጀመሪያ ጊዜ ለዝቦ ሰው አፉን ዘግቶ የሚያንጎራጉር ሲመስል፣ የወንጪው ልጅ ከወንበሩ ተነሥቶ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረው።

ለአማካሪያችን በደንብ ለማሰማት ስፒከር ያስፈልገን ነበርና ከቤተ ክርስቲያናችን ተዋስኩ። የመዘምራኑ መሪ በጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል የሚሠሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ነበሩ። ስፒከሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ለእሑድ እፈልገዋለሁ» አሉኝ።

አርብ ዕለት አማካሪያችን አዳመጠና ፊቱ ፈታ አለ። ከዚያ ራሱ የቀኝ ቀስቱን ተጭኖ ያዘው። ድምፁ ጠራ፣ አሁንም ጠራ፣ ድንገት ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ሆነ። ስፒከሩ ጠሽ አለ፤ ክፍሉን የተቃጠለ ነገር ሽታ ሞላው። አማካሪያችን ጆሮውን እንደያዘ፣ «ፈተናው፣ ዲፌንሱ፣ ሐሙስ ነው» ብሎን ወጣ።

ስፒከሩን ቅዳሜ ስመልስ ምንም አልተናገርኩም። ቀጭኑ ቢጠፋም ወፍራሙ ድምፅ ይወጣ ስለነበር ደህና ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። እሑድ መዝሙሩ ሲጀመር ቃላቱ አይለዩም ነበር፤ መዘምራኑ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው የሚዘምሩ ይመስሉ ነበር። መሪው ደጋግመው ዞር እያሉ የኪቦርድ ተጫዋቹን በእጃቸው ይጠይቁት ነበር። ከኋላዬ የተቀመጡ ሴቶች «ዛሬ አልተለማመዱም እንዴ?» ሲባባሉ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

ሰው ሲወጣ ቀርቤ፣ «ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ወደ ስፒከሩ ሄደው ጎንበስ ብለው አዩት። በመጨረሻ፣ «ምን አቃጠለው?» ብለው ጠየቁኝ።

«የሠራነው ፊልተር። ሲከፈት ይጮሃል።»

«ጊንጪ የሚጠግን ሰው አለ፤ አሠራዋለሁ። ሐሙስ ይዤው እመጣለሁ፣ አንቺ ደግሞ የሚጮኸውን አስተካክለሽ ጠብቂኝ» አሉ።

ሰኞ ከሰዓት ላቦራቶሪው ውስጥ ሳለን መብራት ጠፋ። ውጭ ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይደበድባል፤ በተሰበረው መስኮት የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ይገባል። ሌላ ምርጫ ስላልነበረን ኮምፒውተሩ የሚሠራውን ስሌት በካልኩሌተር ጀመርነው። እኔ ቁጥሩን እጠራለሁ፣ እሱ በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ ያደርጋል። «ሁለት» አልኩ። «ከዜሮ በታች አምስት። አሥራ አንድ። ከዜሮ በታች ሃያ አራት።» ነጥቦቹ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ በየዙሩ እየራቁ ሄዱና ከወረቀቱ ወጡ። ፊልተሩ በጣም ሲከፈት እያንዳንዱ ቁጥር የፊተኛውን አርማለሁ ብሎ ያልፈው ነበር፤ ቀጣዩ ደግሞ ሲመለስ የባሰ ያልፋል። ጩኸቱ ይኸው ነበር።

የወንጪው ልጅ ወረቀቱን ብዙ አየው። «እርምጃው ነው የበዛበት» አለ። «እኛ ጋ ወደ ሐይቁ ስትወርጂ ቁልቁለቱ ላይ ፈረሱ ራሱ እርምጃውን ያሳጥራል። ካላሳጠረ ተያይዛችሁ ትወድቃላችሁ።»

አንዱን ስሌት ለሁለት ግማሽ እርምጃዎች ከፈልነው። እንደገና እጠራለሁ፣ እሱ ነጥብ ያደርጋል። ቁጥሮቹ ትንሽ ተወዛወዙና ረጉ። «ቶሌ» አለ። እኔ ግን ጮህኩ፤ ከኮሪደሩ ዘበኛው ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ።

ሐሙስ መሪው ስፒከሩን በባጃጅ ጭነው መጡና መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሳልፍ ክንዴን ያዝ አድርገው «ጀባዱ፣ በርቺ» አሉኝ። አቀረብን፣ ተጠየቅን፣ መለስን። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ፈታኝ፣ «እስከ መጨረሻው ክፈቱት» አለ። አማካሪያችን ቀስ ብሎ እጁን ወደ ጆሮው ወሰደ። ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩ። ድምፁ ጠራ፣ ሰፋ፣ ጫፉ ደረሰ፤ እዚያው ሳይናወጥ ቆመ። አማካሪያችን እጁን አወረደ።

«እስቲ አንድ ነገር ተጫወቱበት» አለ ፈታኙ። የወንጪው ልጅ በኪቦርዱ ፊደሎች የአገሩን ዜማ ጀመረ፤ እኔ ፊልተሩን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። በመካከል መሪው ከኋላ ሆነው አብረው አዜሙ። ፈታኞቹ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ጭብጨባው ከኮሪደሩ ሰው ጠራ፤ አማካሪያችን ላገኘው ሁሉ «የኔ ተማሪዎች ናቸው» ይል ጀመር። ማታ ሸነን ደውዬ «አለፍኩ» ስል አባቴ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ዛሬም ከተሾምኩበትና ከተሸለምኩበት ቀን ሁሉ ያቺ ሐሙስ ትበልጥብኛለች። የወንጪው ልጅ ከተመረቅን በኋላ በሥራ ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ ስልክ ቀያየርን፣ ተጠፋፋን።

ያን ሐሙስ ሰው ከተበተነ በኋላ መሪው ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። «እኔም ልሞክረው?» ብለው በአንድ ጣታቸው የቀኝ ቀስቱን ተጫኑ። ድምፁ ሲጠራ እንደ ልጅ ሳቁ። ትንሽ ቆይቶ ሳቃቸው ቆመ፤ ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ።

«እዚህ ላይ አለቀ አይደል? ከዚህ ወዲያ አይለወጥም» አሉ።

ለእኔ ግን ገና እየተከፈተ ነበር። ከላይ እንደ ብር የሚያበራ፣ የእሳቸው ያረጀ ጆሮ ያልደረሰበት ቀጭን ድምፅ እየተጨመረበት ነበር።

«አዎ» አልኳቸው፤ «አልቋል።»

«እንግዲያው ሁሉንም ሰማሁት» አሉ፤ ጣታቸው ግን ከቁልፉ አልተነሣም።