አያቴ ስንት ሰው ጣሉ

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ዳኛው ከተቀመጡበት ድንጋይ ሳይነሡ፣ «ከእንግዲህ የታጋዮችን ነገር ይህች ልጅ ትጻፍ» አሉ። ይህች ልጅ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስሁም፣ ሁለት የመቃ ብዕር ሰብሬአለሁ። የዚህ መስመር መወላገድም ከደስታ ነው እንጂ ካለማወቅ አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ በአንኮበር የታወቁ ታጋይ ነበሩ። እኔ ሳልወለድ ሞተዋል። የሰፈራችን ጎረምሳ ግን ዛሬም ለትግል ሲገባ ወገቡን በድጉ አጥብቆ የእሳቸውን ስም ይጠራል። ስማቸውን ሳይጠራ የገባ አላየሁም። ዘንድሮ ታዲያ ከመዘዞ አንድ በግ ነጋዴ መጣ። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ የገጠመውን ሁሉ እየጠለፈ ጣለ። ትከሻው በር ያህላል፣ ድምፁ ግን ቀስ ያለ ነው፤ ሲናገር ሰው ጆሮውን ያስጠጋል።

ወዲያው ክርክር ተነሣ። አያቴ በጉልበታቸው ዘመን ከዚህ ልጅ ጋር ቢያያዙ ማን ይወድቅ ነበር? ጌቶች ቤተ መንግሥቱን ይዘው ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ እኛ ዘንድ የሚያሟግት ነገር ጠፍቶ ነበርና ሰዉ ይህን እንደ ርስት ነገር ያዘው። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዳኛ ተቀመጠ፣ ዋስ ተጠራ፣ በላ ልበልሃ ተባለ። ለበግ ነጋዴው ኮርቻ ሰፊው ጠበቃ ሆኖ ቆመ። ምላሱ ከወስፌው ይልቅ ይወጋል። ለአያቴ የቆሙት አባቴ ናቸው።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ የፍየል ቆዳ ፍቀው መጽሐፍ ይጽፉበታል። ትግል አያውቁም። ኮርቻ ሰፊውም በመጀመሪያው እሑድ ገና ከመነሣቱ፣ «እርስዎ የታገሉት ከፍየል ጋር ነው፤ እሷንም ቆዳዋ ከተገፈፈ በኋላ ነው የያዟት» አላቸው። ሰዉ ሳቀ። እኔም ከሴቶቹ መካከል ሆኜ ሳቅሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አባቴ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። «አባቴ ሦስት ሰው ጣሉ» አሉ። «ሲጥሉ አይቻለሁ። በአራተኛው ግራ ጉልበታቸው መሬት ነካ። ያንንም አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ አልታገሉም።» ከደጁ ወዲያ ካለው ገደል ሥር የሚነሣው ነፋስ ድምፃቸውን እየወሰደው ከፊት ያሉት ሰሙ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም።

እኔ ሰማሁ። ቤት ስገባም ጻፍሁት። ብራና እየፋቅሁ፣ መስመር እያሰመርሁ ፊደሉን ከአባቴ እጅ ለቅሜዋለሁ፤ ከጠርዝ የሚቆረጠውን ቁራጭ ብራናም ለእኔ ይተዉልኛል። የሚጻፍ ነገር አጥቼ እስከዚያ ቀን ዳዊት ብቻ ነበር የምገለብጠው። የሰው አፍ የተናገረውን ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በሁለተኛው እሑድ አጎቴ መጡ። የአባቴ ታላቅ ናቸው። የሦስቱን ነገር ከሰው ሰምተው ኖሮ ፊታቸው ጠቁሯል። መሐል ገብተው፣ «አባቴ የጣሉት ሰባት ነው። ሦስት ያለ ማነው?» አሉ።

ኮርቻ ሰፊው ይህን ነበር የሚጠብቀው።

«በላ ልበልሃ፤
ሦስት ጥሎ የሞተ ሰባት ከሆነለት፣
አራቱን የጣለው አፈር ውስጥ ነው ማለት።»

ከዚህ በኋላ ሳቅ አልነበረም። የእኛ ሰፈር ጎረምሶች ዱላቸውን ከብብታቸው አወጡ፤ የወዲያኞቹም ቆሙ። አንዱ «ባለፈው እሑድ ሦስት ተብሏል» ይላል፣ ሌላው «ሰባት ነው የተባለው» ብሎ ይምላል። ዳኛው እጃቸውን አነሡ።

«እኔ የሰማሁትን ሰምቻለሁ። ዳኛ ግን ምስክር አይሆንም» አሉና ወደ አባቴ ዞሩ። «አንተስ ምን ብለህ ነበር?»

አባቴ መሬት መሬት አዩ። ታላቅ ወንድም የተናገረውን ታናሽ በአደባባይ አያፈርስም። 

«እንግዲያው እንወራረድ» አለ ኮርቻ ሰፊው። «ሰባት ካልሆነ ስሙ ከሜዳ ይውጣ። ከእንግዲህ ስሙን ጠርቶ ለትግል የሚገባ አይኑር።»

«ይውጣ» አሉ አጎቴ። አንዴ እንኳ አላሰቡም። ዋስ ጠሩ፣ ዋሱም እሺ አለ፣ ነገሩ ታሰረ። ዳኛውም ለሦስተኛው እሑድ ቀጠሮ ሰጡ፤ የመጀመሪያው እሑድ ቃል ምስክር ያለው ይዞ እንዲመጣ፤ ለራሱ ወገን የሚመሰክር ግን አይቆጠርም።

ምስክሩ በእኔ መደብ ላይ፣ ከትራሴ ሥር ነበረ።

ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም፤ ነግሬም አልዘልቀው። የአያቴ ስም የሚወጣው በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ረቡዕ ጠዋት አባቴ ወደ ማኅበር ሲሄዱ ጠብቄ ቢላዋዋን አነሣሁ። ስሕተት የምንፍቅባት ትንሽ ቢላዋ ናት። ቁጥሮቹን ብቻ ልፋቅ፣ ሦስቱን ሰባት፣ አራተኛውን ስምንተኛ ላድርግ ብዬ ጫፏን ብራናው ላይ አሳረፍሁ። በሩ ጨለመ። አባቴ በትራቸውን ረስተው ተመልሰዋል።

ቢላዋዋን አዩ፣ ብራናውን አዩ። በትራቸውን አነሡና፣ «የተፋቀ ብራና ወደ ፀሐይ ሲይዙት ያበራል» አሉ። ለሥራ ያስተማሩኝ ነገር ነው፣ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ቀጥለው ደግሞ፣ «አጎትሽ ታላቄ ነው። እኔ አፌን አልከፍትም። ብራናው ግን ያንቺ ነው» ብለው ወጡ።

ቢላዋዋን አስቀመጥሁ። ጀግንነት አይደለም፤ እጄ እምቢ አለኝ።

በሦስተኛው እሑድ ጉም ከቆላ ወጥቶ ቅጥሩን ሸፍኖት ነበር። ዳኛው «የቃል ምስክር ያለው?» ብለው ጠየቁ። የተነሣ የለም። ደገሙ። ሦስተኛውን ሲጀምሩ ራሴን ቆሜ አገኘሁት።

«አንቺ፣ ተቀመጪ» አሉ አጎቴ።

«የቆመ ይናገር» አሉ ዳኛው። «ምን ይዘሻል ልጄ?»

«አባቴ ያን እሑድ የተናገሩትን ጽፌዋለሁ፣ አባባ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።»

ኮርቻ ሰፊው፣ «ዶሮም መጫር ታውቃለች» አለ። ጥቂት ሰው ሳቀ። ዳኛው ብራናውን ተቀብለው ወደ ብርሃን ያዙት፣ ገለባበጡት፣ የተፋቀ ቦታ ፈለጉ። መለሱልኝና «አንብቢ» አሉ።

አነበብሁ። የፍየሏንም ስድብ አልዘለልሁም። «ሦስት ሰው ጣሉ» ስል አጎቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። «ግራ ጉልበታቸው መሬት ነካ» ስል ደግሞ አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስጨርስ ጎረምሶቹ ዱላቸውን ጨበጡ።

«ተፈርዷል» አለ ኮርቻ ሰፊው። «ስሙ ይውጣ።»

ዳኛው ወደ በግ ነጋዴው ዞሩ። «የረታህ አንተ ነህ። ስሙን መውሰድም መተውም ያንተ ነው። ምን ትላለህ?»

ያ ሰው ሦስቱንም እሑድ አፉን አልከፈተም ነበር። ተነሥቶ ወደ ዳኛው ሳይሆን ወደ እኔ አየ።

«የትኛው ጉልበት ነው ያልሽው?»

«ግራ።»

«የእኔም የምትከዳኝ ግራዋ ናት» አለ። ጠበቃው እጁን ይዞ ሊያስቀምጠው ሞከረ፤ የሚቀመጥ አካል አይደለም። «ሰባት ሲሉ ደስ ብሎኝ ነበር። ተረት ነው፣ ተረት ሰው አይጥልም አልሁ። አሁን ግን ሦስት ጥለው በአራተኛው የደከሙ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው እፈራለሁ።»

«እንግዲያ ማን ይጥል ነበር ትላለህ?» አሉ ዳኛው።

«ያቺን ጉልበት እኔ ቀድሜ ባውቅባቸው እጥላቸዋለሁ። እሳቸው የእኔን ቢያውቁ ይጥሉኛል። ስማቸውን አልወስድም። ቢፈቀድልኝ እኔም ስገባ እጠራዋለሁ።»

አጎቴ ከነጠላቸው ውስጥ ብቅ አሉ። የፈቀዱት እሳቸው ናቸው፤ ራሳቸውን ወደ ታች ነቅነቅ በማድረግ ብቻ። ዱላዎቹ ወደ ብብት ተመለሱ። ከዚያ ነው ዳኛው ያንን ከላይ የጻፍሁትን ቃል የተናገሩት፤ «አፍ ሰባት ሲል ሦስት ብሎ የሚይዝልን ይኑር» ብለው።

አጎቴ እስከ ዛሬ ጠዋት አላናገሩኝም ነበር። አሁን በደጃችን ሲያልፉ ቆም አሉና፣ «ስለ ጉልበቱ የጻፍሽው ልክ ነው። እኔም አይቻለሁ» ብለውኝ ሄዱ።

ዳኛው ለሁሉም አድርሺ ያሉኝን እነሆ አደርሳለሁ። የሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በዚያው ደጅ፣ የጎረቤላ ሰዎች ከበግ ነጋዴው ጋር የሚያስተካክሉትን የድሮ ታጋያቸውን ይዘው ይቀርባሉ። ይህን የምታነቡም፣ የማታነቡ የምታስነብቡም፣ የየሰፈራችሁን ታጋይ፣ የሞተም ይሁን ያለ፣ ይዛችሁ ኑ። ብራናዬን አለዝቤ እጠብቃለሁ። በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ፤ ሰባት ያለ ሰባቱን አንድ በአንድ ይቁጠርልኝ። የወደቀበትንም ቀን አትደብቁ።